የሶሻል ወርክ ተማሪዎች፦ የሴትና የወንድ አነጋገር ልዩነት ነው ወይስ የነጥብ አሰጣጤ ችግር?

መምህር ዘአራዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጉዳዩ መሀል አዲስ አበባ ባለ አንድ ኮሌጅ ለሁለተኛ ዓመት የሶሻል ወርክ ተማሪዎች የሚሰጥ የቃለ መጠይቅ ክህሎት ኮርስ ነው። 36 ተማሪዎች ናቸው፤ 22 ሴት፣ 14 ወንድ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፊልድ (የተግባር ልምምድ) ይወጣሉ፣ ከፊሉ ወረዳ፣ ከፊሉ ሆስፒታል።

የክፍል ውይይት ሲከፈት እጅ የሚያወጡት በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው። ግሩፕ ወርክ ሲሰጥ ሴቶቹ ይጽፋሉ፣ ወንዶቹ ያቀርባሉ። ሮል ፕሌይ የምናደርገው በሦስት በሦስት ሆነን ነው፤ አንዱ ባለሙያ፣ አንዱ ባለጉዳይ፣ አንዱ ታዛቢ፣ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ። እዚያ ላይ ወንዶቹ ጥያቄ ያከታትላሉ፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ መፍትሔ ይሰጣሉ። ሴቶቹ ደግሞ «አይዞሽ፣ አይዞህ» ይላሉና ቃለ መጠይቁ እዚያው ይቆማል። የነጥብ ቅጹ ላይ «ርኅራኄ» 10፣ «በራስ መተማመን» 10 አለ። በመጀመሪያው ሴቶቹ፣ በሁለተኛው ወንዶቹ ይበልጣሉ፣ በየዙሩ ማለት ይቻላል።

ጥያቄዬ፦ የሴትና የወንድ የአነጋገር ልዩነት ብዬ አንድ ክፍለ ጊዜ ላስተምረው? ወይስ ችግሩ ቅጹ ላይ ነው? ፊልድ ሳይወጡ ምን ማስተካከል ይቻላል?

---

ቁጥር ይቅደም

በልዩነቱ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዳይሰጡ። «ሴት ስለ ስሜት፣ ወንድ ስለ መፍትሔ ያወራል» የሚለውን ተማሪ ቶሎ ይይዘዋል፣ ይዞትም ፊልድ ይወጣል። ያላለቀሰችውን ባለጉዳይ «ደህና ናት» ብሎ ይመዘግባል፤ ዝም ያለውን ወንድ «አልተባበረም» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ጉዳቱ ለባለጉዳዩ ነው የሚተርፈው።

ጥናቱም ያን ያህል አይደግፈውም። በየሌክቸር ኖቱ የሚዞረው ቁጥር ዚመርማንና ዌስት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት ነው፤ በወንድና በሴት መካከል የተደረጉ ንግግሮችን ቀድተው 48 ማቋረጥ ቆጠሩ፣ 46ቱን ያቋረጡት ወንዶች ነበሩ። የማይነገረው ግን የንግግሮቹ ብዛት 11 ብቻ እንደነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አንደርሰንና ሊፐር 43 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ ልዩነቱ d በሚባለው መለኪያ (0 ማለት ልዩነት የለም) ወደ 0.15 ወረደ። ይህን ለተማሪ ሲያስረዱ እንዲህ ይበሉ፦ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ ብናወጣ፣ ወንዱ የበለጠ አቋራጭ ሆኖ የሚገኘው ከ100 ጊዜ 54ቱን ያህል ነው። ዘውድና ጎፈር ከመጣል ብዙ አይርቅም። ሆን ብሎ ንግግር ለመንጠቅ የሚደረገው ማቋረጥ ብቻ ተለይቶ ሲቆጠር ልዩነቱ 0.33 ይደርሳል፣ ማለትም ወደ 59። ያ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ወንድና ሴት ሁለት ቋንቋ ይናገራሉ የሚያሰኝም አይደለም።

ሴት ብዙ ታወራለች የሚለውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት 396 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የድምፅ መቅጃ አስይዞ ሲቆጥር፣ ሁለቱም ጾታዎች በቀን ወደ 16 ሺህ ቃል ገደማ ተናግረዋል። ጃኔት ሃይድ እ.ኤ.አ. በ2005 በጾታ ልዩነት ላይ የተሠሩ 46 የጥናት ጥርቅሞችን (ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝኑ ሥራዎችን) ስትፈትሽ ከተገኙት ልዩነቶች 78 በመቶው ትንሽ ወይም ከዜሮ ጋር የተጠጋ ነበር።

ታዲያ የእርስዎ ክፍል ውስጥ የሚታየው ከየት መጣ? በመጀመሪያ መድረኩን ይመልከቱ። 36 ሰው ፊት መናገርና ለሦስት መነጋገር አንድ አይደለም። በዚያ ላይ ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ እጅ የሚያወጣው ሐሳብ ያለው ብቻ ሳይሆን ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ለማቆም የሚደፍር ነው። ይህን ከጾታ ሳይለዩ «ሴቶቹ አይሳተፉም» ማለት አይቻልም። አንዱን ውይይት በአማርኛ ያድርጉትና ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚጠብ ይዩ።

ሁለተኛው የመምህሩ ትዕግሥት ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አሳይታለች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሱ ይረዝማል፣ መላሹም ይበዛል። በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣ እጅ ሁልጊዜ የዚያው ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ጠይቀው በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ቢያንስ አራት እጅ ሳይወጣ ማንንም አይጥሩ። በመጀመሪያው ቀን ዝምታው ያስጨንቃል፤ መምህሩ ሳይችል ቀርቶ ራሱ ይመልሳል። የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው፤ ተማሪ አንዴ ከታገሠ መምህሩ እንደሚመልስለት ከተማረ በኋላ አይናገርም።

ከዚያ ይቁጠሩ። ሁለት ተማሪ ታዛቢ ይመድቡ፣ የክፍሉን አቀማመጥ በወረቀት ይሣሉ፣ ለ20 ደቂቃ እያንዳንዱ ንግግር የማን እንደሆነ በሰረዝ ይመዝግቡ። ለምሳሌ ከ50 ንግግር 31ዱ የወንዶች ቢሆን 62 በመቶ ነው። ወንዶቹ በወንበር 39 በመቶ ናቸው፤ 62 ለ39 ሲካፈል 1.6 ይመጣል። የሴቶቹ 38 ለ61 ነው፣ 0.62። ሁለቱም ወደ 1 እስኪጠጉ ይሥሩ። በአንድ ቀን ቆጠራ ግን አይፍረዱ፣ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል። ደግሞ 31ዱን የተናገሩት ሦስት ወንዶች ብቻ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ያኔ ጉዳዩ የጾታ ሳይሆን የሦስት ሰው ነው፣ ዝም ያሉት 11 ወንዶችም እንደ ሴቶቹ ሰሚ አጥተዋል።

---

ግሥ መጨረሻ

በላይኛው መልስ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይጨመርበት። ታዛቢዎቹ መደራረብን ሁሉ ማቋረጥ ብለው ከቆጠሩ ቁጥሩ ይበላሻል። በአማርኛ ወሬ «እ»፣ «እሺ»፣ «ውይ»፣ «እውነትዎን ነው» ማለት፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳቡ «አዎ» ማለትም ጭምር፣ የማዳመጥ ምልክት ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ከመደራረቡ በኋላ ማን ቀጠለ? ተናጋሪው ከቀጠለ ድጋፍ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ካቆመ ተቋርጧል።

ለእኛ ደግሞ ዓረፍተ ነገር የሚያልቀው በግሥ ነው። ባለጉዳይዋ «ባለቤቴ ልጁን ትናንት ማታ…» ብላ ስታመነታ፣ ተማሪው «መታው?» ብሎ ቢጨርስላት ያቋረጠው ንግግር ብቻ አይደለም፤ ምስክርነቷን ራሱ ጽፎላታል። «ይዞት ወጣ» ልትል ነበር ይሆናል። «አዎ» ትላለች፣ ይሉኝታ አለ፣ ተማሪም ቢሆን እንደ ኃላፊ ነው የምታየው። እንግሊዝኛ ግሡን ቀድሞ ስለሚያወጣ ከውጭ የተቀዱ የክህሎት መማሪያዎች ይህን አያነሱትም። ቅጹ ላይ «የባለጉዳዩን ግሥ አልጨረሰም» የሚል መስመር ያስገቡ። ሴትም ወንድም ያደርገዋል፤ ሴቷ ስታደርገው «ተረዳችው» ይባላል፣ ወንዱ ሲያደርገው «ቸኮለ»።

አሁን ወደ ቅጹ። «ርኅራኄ» እና «በራስ መተማመን» የሰው ጠባይ ናቸው፤ ጠባይ ላይ ነጥብ ሲሰጥ አራሚው ቀድሞ በልቡ ያለውን ይሰጣል። በ10 ደቂቃ ውስጥ በጆሮ የሚሰማ፣ በሰዓት የሚለካ ነገር ይጻፉ። ከ20 ለምሳሌ፦ ሰፊ መልስ የሚጋብዝ ጥያቄ ቢያንስ አራት ጊዜ፣ 4 ነጥብ። የባለጉዳዩን ስሜት በቃል መመለስ (የተሰማውን ስም ሰጥቶ መልሶ መንገር) ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ 4 ነጥብ። አምስት ሰከንድ የሚደርስ ዝምታን ሳይሞሉ ማለፍ፣ 3 ነጥብ። ግሥ አለመጨረስ፣ 3 ነጥብ። በመጨረሻ የተባለውን አጠቃሎ «የሳትኩት አለ?» ብሎ ማረጋገጥ፣ 4 ነጥብ። ከአምስተኛው ደቂቃ በፊት ምክር አለመስጠት፣ 2 ነጥብ። ለምሳሌ ስሜትን አንዴ ብቻ የመለሰ 2 ያገኛል፣ ክርክር አይኖርም።

እንግዲህ በዚህ ቅጽ የወንዶቹ የጥያቄ ጥይትና የሴቶቹ «አይዞሽ» አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ባለጉዳዩ «ከቤት ካስወጡኝ ሁለት ሳምንት ሆነኝ» ይላል። አንዱ ተማሪ «ስንት ዓመትህ ነው? ከማን ጋር ነበር የምትኖረው? ቤተሰብ አለህ?» ይላል። ሌላዋ «አይዞህ፣ ይሄም ያልፋል» ትላለች። ሁለቱም ከሰውየው ጭንቀት ሸሹ፤ አንዱ በጥያቄ፣ አንዷ በማጽናናት። ሁለቱን ለየብቻ «የወንድ ስታይል»፣ «የሴት ስታይል» ብለው ካስተማሩ፣ አንድ ዓይነት ድንጋጤ እንደሆነ ሳይታይ ያልፋል። መድኃኒቱም አንድ ነው፦ ሦስት ሰከንድ ዝም፣ ከዚያ ስሜቱን መመለስ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ።

ስሜት መመለስ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው የእንግሊዝኛውን ቀመር ስለሚተረጉም ነው። «እንደከፋዎት ሆኖ ይሰማኛል» የሚል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የለም። አማርኛ አጭር መንገድ አለው፤ ስሜቱ ራሱ ባለቤት ሆኖ ሰውየውን ይይዘዋል፦ «ጨንቆዎታል።» «ሆድ ብሶዎታል።» «ሰልችቶሻል።» ድምፁ መጨረሻ ላይ ይውረድ፤ ከወጣ ጥያቄ ይሆናል። ተማሪዎቹ የስሜት ግሦችን ሃያ ያህል ጽፈው ይያዙ፦ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ታከተኝ፣ አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ ግራ ገባኝ፣ ሆዴ ባባ። ስሜት የሚናገር ቃል የሌለው ወንድ ተማሪ ስሜት አይገባውም ማለት አይደለም፤ ቃሉን አፉ ላይ አላስለመደውም። ሁለት ሰዓት ልምምድ ይበቃዋል።

«አይዞሽ»ን ግን ከነጭራሹ እንዳይከለክሉ። ሐዘን የነገረን ሰው አይዞህ ሳይሉ መሸኘት ለኛ ጭካኔ ነው። ቦታውን ያሳዩ፦ ስሜቱ ስም ካገኘና የሚቀጥለው እርምጃ ከታወቀ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ላይ ሲመጣ «በቃ፣ አትናገር» ማለት ነው።

አራሚው ማዳላት አለማዳላቱን መፈተሽ ከፈለጉ አማርኛ ራሱ ይረዳዎታል። «ጠየቅሁ፣ ሰማሁ፣ ገባኝ» ሴትም ወንድም ይላል፤ «እኔ» ጾታ አይለይም። የሚያጋልጠው ሲጠሩት ነው፣ «ስማኝ»፣ «ስሚኝ»። (እኔም ጠያቂውን እርስዎ የምለው ለዚሁ ነው።) ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሮል ፕሌይ ሦስት ደቂቃ በጽሑፍ ያውጡ፣ ባለጉዳዩ ለተማሪው የተናገረውን ሁሉ ወደ «እርስዎ» ይቀይሩ፣ «እህቴ»፣ «ወንድሜ» የሚለውን ይሰርዙ፣ በኮምፒውተር ይጻፍ። ሮል ፕሌዩን ላላየ ሰው ያሳርሙ። ሴቶቹ በአካል ሲታዩ ርኅራኄ ላይ ከፍ ብለው በጽሑፍ ከወንዶቹ እኩል ከወጡ፣ ትርፉ ነጥብ የተሰጠው ለድምፃቸው ነበር። ለስላሳ ድምፅ አይጠቅምም አላልኩም፤ የሚጠቅም ከሆነ ራሱን የቻለ መስመር ይሰጠው፣ ወንዱም እንዲለማመደው።

---

ፊልድ ሱፐርቫይዘር (ቂርቆስ)

ክፍል ውስጥ ያለው ከተስተካከለ በኋላም ወረዳ ላይ የሚጠብቃቸው ሌላ ነው። ሴትና ወንድ ተማሪ አብረው ገብተው ሲቀመጡ፣ ጠና ያለ ባለጉዳይ የሚያናግረው ወንዱን ነው። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ለወንዱ ይመልሳል። እሷን «ልጄ» ይላታል፣ ወንዱን «ኃላፊው»። ተማሪዋ ይህን በድፍረት ማነስ ከቆጠረችው ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ያኔ ደግሞ «ቁጡ» ትባላለች።

ሥራው የወንዱ ነው። ሲገቡ እሱ ይበል፦ «ጉዳይዎን የምትይዘው እሷ ናት። እኔ ማስታወሻ እይዛለሁ።» እሷ ከባለጉዳዩ ፊት ለፊት ትቀመጥ፣ እሱ በጎን፣ ደብተሩ ጉልበቱ ላይ። ባለጉዳዩ ወደ እሱ ዞሮ ሲናገር አይመልስ፣ እሷን ይያት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም የባለጉዳዩ ዓይን ይከተላል። በሚቀጥለው ኬዝ ይቀያየሩ። «አዎ ልክ ናት» እያለ የሚያጸድቅላት ከሆነ ግን ሥልጣኑ እሱ ጋ እንደቀረ ነው፤ ዝም ቢል ይሻላል።

«ልጄ» መባሉ ሁልጊዜ ንቀት አይደለም። እናት ባለጉዳይ ስትላት መንገድ ከፈተችላት ማለት ነው፤ አንዳንድ ሱፐርቫይዘር «ፕሮፌሽናል አይደለም» ብሎ እንድታስቆም ያዛል፣ እኔ አልደግፍም። መታየት ያለበት ለጥያቄዋ መልስ አገኘች ወይ የሚለው ነው።

የቤት ለቤት ጉብኝት ላይ ቡና ይፈላል። ወንዱ ወንበር ይቀርብለታል፣ ሴቷ ቁርስ እንድታቀርብ፣ ስኒ እንድታቀባብል ይጠበቃል፤ እሷ ስትነሳ ጠያቂው እሱ ይሆናል፣ ኬዙ ከእጇ ወጣ። ገና ሲቀመጡ «አቦሉን እንጠጣለን፣ ከዚያ እንሄዳለን» ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ እስከ በረካ ከተጠበቀ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ስኒ ማቀባበሉን ወንዱ ይውሰደው። ቡናውን እምቢ ማለት ግን ስህተት ነው፤ ብዙ ነገር የሚወጣው ረከቦቱ ዙሪያ ነው። ደህንነትን በተመለከተ ሁለት ሆኖ መሄድ፣ አድራሻውን ለቢሮ ጽፎ መተው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት መጨረስ፤ ይህ ለሴቶቹ ብቻ ተብሎ እንዳይነገር፣ ለሁሉም ደንብ ይሁን።

የጥቃት ጉዳይ ሲመጣ «ለሴት ተማሪ ስጡት» ብሎ መወሰን የተለመደ ነው። ባለጉዳይዋ ትጠየቅ፣ ያውም ከቃለ መጠይቁ በፊት፣ ወንዱ ተማሪ በሌለበት፦ «ሴት ባለሙያ ይሻልዎታል፣ ወንድ ቢሆንም ምንም አይልዎትም?» ፊቱ ከጠየቋት «ምንም አይደል» ትላለች። ወንድ ባለጉዳይ ላይ ደግሞ ተማሪዎች የሚስቱት ቋንቋውን ነው። «ከፋኝ» አይልም፤ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ይላል። ከሥራውና ከቤት ኪራዩ ተነስቶ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ መጠየቅ ይቀላል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን እያዩ «ምን ተሰማህ?» ማለት በር መዝጋት ነው።

ፕሮሰስ ሪኮርዲንግ (ተማሪው የቃለ መጠይቁን ሂደት የሚጽፍበት ዘገባ) ላይ አንድ ነገር አደራ። አራት ዓምድ ነው፦ የተባለው ቃል በቃል፣ የተማሪው ስሜት፣ ትንተና፣ የሱፐርቫይዘር አስተያየት። በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚረዝም ክፍል ብቻ ይጻፉ። የመጀመሪያው ዓምድ በአማርኛ ይሁን። በእንግሊዝኛ ከተጻፈ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ሁሉም አንድ ቃል ይሆናሉ። ባለጉዳዩ በ12ኛው ደቂቃ ላይ ተማሪዋን ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ካወረዳት፣ ወይም ተማሪው ራሱ ድሃዋን እናት «አንቺ» እያለ ቢሮ የገባውን ነጋዴ «እርስዎ» ካለ፣ ሱፐርቫይዘሩ ማየት ያለበት ያንን ነው፤ በትርጉም ይጠፋል። አስተያየት ስትጽፉም «ጎበዝ ነሽ፣ ቀጥዪ» አይበቃም። እሷ ካለችው አንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሳችሁ፣ በምን ብትተካው እንደሚሻል ጻፉ። በተርሙ መጨረሻ አስተያየቶቻችሁን ደርድራችሁ ቁጠሩ፦ ለወንዶቹ ስንት የተጠቀሰ ዓረፍተ ነገር፣ ለሴቶቹ ስንት?

---

ከጭምትነት ባሻገር

የመጀመሪያው መልስ ላይ ቅሬታ አለኝ። የተጠቀሱት ቁጥሮች በብዛት የአሜሪካ ናቸው። እዚህ ልጅቷ ስታድግ «ጭምት» መባል ምስጋና ነበር፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እየሰማች ነው የመጣችው፤ ሽምግልና ላይ የሚናገረው ወንድ ነው። እዚህ ልዩነቱ ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ቁጠሩ የሚለውን እቀበላለሁ፣ ትንሽ ነው የሚለውን ሳልቆጥር አልቀበልም።

ደግሞ መፍትሔው ሴቶቹን «ደፋር ሁኑ» ብሎ ማሠልጠን ብቻ እንዳይሆን። ያቺው ተማሪ እቁብ ስትሰበስብ፣ ማኅበር ላይ ስትከራከር አንደበቷ አይታሰርም። የሚያስራት መድረኩ ነው፣ እሱ ይስተካከል።

ግሩፕ ወርኩ ላይ ይህን ያድርጉ። አራት ሥራ ይለዩ፦ ጸሐፊ፣ ሰዓት ጠባቂ፣ ጠያቂ፣ አቅራቢ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በየሳምንቱ ይዙሩ። አቅራቢው ግን በዕጣ ይውጣ፣ ያውም ከማቅረቡ አምስት ደቂቃ በፊት። ዕጣው ሳምንት ቀድሞ ከወጣ የሚዘጋጀው አቅራቢው ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ሰዓት ከወጣ ሁሉም ይዘጋጃሉ፣ አንዱ ጎበዝ ተናጋሪም ቡድኑን ጠቅልሎ አይይዝም። የኬዝ አቀራረብ በአማርኛ ይፈቀድ። «ታምሜያለሁ፣ እሱ ያቅርብልኝ» ሲመጣ ዕጣው ድጋሚ ይውጣ እንጂ በፈቃደኛ አይተካ፤ ፈቃደኛው ማን እንደሚሆን ይታወቃል።

ይህን የማጠብቀው በክፍል ብቻ ስለማይቀር ነው። ክሪስቲን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1992 ነርሶችን፣ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችንና ሶሻል ወርከሮችን አነጋግራ ያሳየችው፣ ሴቶች በሚበዙበት ሙያ ውስጥ ወንዶቹ አንዳንዴ ሳይፈልጉት እንኳ ወደ ኃላፊነት እንደሚገፉ ነው። በሁለተኛ ዓመት አቅራቢ የሆነው ነገ የኬዝ ኮንፈረንስ ሰብሳቢ ይሆናል፣ ስትጽፍ የቆየችው ቃለ ጉባኤ ያዥ።

---

መምህር ዘአራዳ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ። ቅጹን እቀይራለሁ፣ ቆጠራውም ነገ ይጀመራል። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ፈጽሞ የማይናገሩ አምስት ተማሪዎች አሉ፣ አራቱ ሴቶች። ስም እየጠራሁ ልጠይቃቸው? ሁለተኛ፣ ካሉኝ ሦስት ኬዞች የአንዱ ባለጉዳይ 14 ዓመቷ ነው። ጽሑፉን ወደ «እርስዎ» ስቀይረው ልጅን አንቱ ማለት ይመጣል፣ አራሚው ይስቃል።

---

ቁጥር ይቅደም

ለመጀመሪያው፦ በድንገት ስም አይጥሩ። ጥያቄውን ይስጡ፣ ሁለት ደቂቃ በጽሑፍ፣ ሦስት ደቂቃ ከጎን ካለ ሰው ጋር፣ ከዚያ «አጠገብሽ ያለው ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ። የሌላ ሰው ሐሳብ ማቅረብ የራስን ከማቅረብ ይቀላል። ለሁለት ሳምንት እንዲህ ካደረጉ በኋላ የራሳቸውን ይጠይቁ። አምስተኛው ወንድ ነው ብለው እንዳይዘሉት።

የአገራችንን ቁጥር በተመለከተ ከላይ የቀረበው ቅሬታ ትክክል ነው። ቆጠራውን ያወጡ ሁሉ ውጤቱን እዚሁ ቢለጥፉት ለሁላችንም ይጠቅማል፤ የተማሪ ስም ሳይኖር፣ የወንበር ድርሻና የንግግር ድርሻ ብቻ።

---

ግሥ መጨረሻ

ለልጅቷ ኬዝ፦ መደበቅ ያለበት የተማሪው ጾታ ነው፣ የባለጉዳይዋ አይደለም። ስለዚህ ተማሪው ለልጅቷ የሚለውን «አንቺ» እንዳለ ይተዉት፣ በሁሉም ቅጂ ላይ ሴት ልጅ ትሁን። የሚለወጠው ልጅቷ ለተማሪው የምትለው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የ14 ዓመት ልጅ ለትልቅ ሰው «እርስዎ» ብትል ያምርባታል። «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ካለች እሱን ይሰርዙ፣ በምትኩ ምንም አያስገቡ።